የቴሌቪዥን ጀርባ አጭር ታሪክ

የቴሌቪዥን ታሪክ ሁሌም ከፊት ለፊቱ ነው የሚጻፈው። ማን ዜና አነበበ፣ የትኛው ድራማ ከተማውን ጭር አደረገ፣ የትኛው ዋንጫ የት ቤት ታየ። እኛ ዛሬ ወደ ጀርባው ዞር ልንል ነው። አቧራ የጠገበው፣ ሽቦ የተተበተበበት፣ እናቶቻችን «እዛ ጋ እንዳትነካኩ!» የሚሉት ያ ጎን የራሱ ታሪክ አለው። እንዲያውም ከፊቱ ይልቅ እሱ እውነቱን የሚናገር ይመስለናል።

ነገሩን ያለ ምክንያት አላነሳነውም። መዳፍ የምታክል ጥቁር ቲቪ ቦክስ በየሳሎኑ መግባት ከጀመረች ወዲህ ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ከዲሹ ጋር እንዴት ነው የምትያያዘው?» አጭሩ መልስ «አትያያዝም» ነው። የዲሹ ገመድ የሚገባው ሪሲቨሩ ውስጥ ነው፤ ቦክሷ ከመብራት ሌላ የምትፈልገው ኢንተርኔት ብቻ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ ነው፤ ያውም በተለያየ ቀዳዳ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሳይነጋገሩ። ረጅሙ መልስ ግን ወደ ኋላ ይወስደናል፤ ቦክስ የገዛ ሰው ዲሹን ከጣራ ለማውረድ ለምን እንደማይቸኩል የሚነግረንም እሱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ክቡ ቀዳዳ

የመጀመሪያው ቀዳዳ ክብ ነው፤ የአንቴና። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1964፣ በንጉሡ ዘመን ነው። ባለ ቀለም የሆነው ደግሞ በ1984፣ ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ሲያከብርና ኢሠፓን ሲመሠርት። ከዚያም ኢሕአዴግ መጣ። መንግሥት ተለዋወጠ፤ ቀዳዳው ግን ያው ነበር፣ በቀዳዳው የሚገባውም ያው የመንግሥት ጣቢያ። አንድ ሰው ጣራ ላይ ወጥቶ አንቴና ያዞራል፣ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ «መጣ! አይ ሄደ! መልሰው!» ይላል፣ ሌላው ከውስጥ ያያል። ይህ ሁሉ ልፋት ምርጫ ለማግኘት አልነበረም፤ ያለችውን አንዷን ጥርት አድርጎ ለማየት ነው እንጂ። በዚህ ዘመን ሰው ቤት ምን እየታየ እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ሁሉም ቤት አንድ ነው።

ስለዚህ ቀዳዳ ከዚህ በላይ ብዙ የምንለው የለንም። ታሪኩ የሚጥመው ከዚህ በኋላ ነው።

ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ

ቀጥለው የመጡት ሦስት ባለ ቀለም ቀዳዳዎች ናቸው፤ ቢጫው ለምስል፣ ቀይና ነጩ ለድምፅ። ለቪዲዮ ማጫወቻ ያገለገሉት እነዚሁ ናቸው። የኛ ትውልድ ግን የሚያውቃቸው በዲሽ ሪሲቨር ነው።

የዲሽ ነገር መጀመሪያ የትላልቅ ሆቴሎችና የባለ ገንዘብ ግቢ ጌጥ ነበር። ሰማዩን ለተራው ሰው የከፈቱት የዓረብ ሳተላይቶች ናቸው። የመጀመሪያው አረብሳት በ1985 መጠቀ፣ የግብፁ ናይልሳት በ1998 ተከተለ። ልብ በሉ፣ ከእነዚህ አንዱም ለኛ ተብሎ አልተሰቀለም። የሳተላይት ምልክት ግን እንደ ዝናብ ነው፤ ድንበር አይቶ አይቆምም። ሥርጭቱ ለሰሜን አፍሪካና ለመካከለኛው ምሥራቅ ሲወርድ ጠርዙ እኛ ጣራ ላይም አረፈ፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ሳህኑን መግዛትና አቅጣጫውን ማግኘት ነው። ከ1 ሜትር ያልበለጠ ሳህን፣ አንድ ሪሲቨር፣ ጥቂት ሜትር ገመድ። ወርኃዊ ክፍያ የለ፣ ስም ማስመዝገብ የለ።

ኤምቢሲ ቱ በ2003 የፊልም ጣቢያ ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥ ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ሆኖ ቁጭ አለ (ወይስ ሳንጠራ የሄድነው እኛ ነን?)። ከመካከላችን እንግሊዝኛ ፊልም የለመደው በርካታው ሰው፣ የማያነበው የዓረብኛ ጽሑፍ ከሥሩ እየሮጠ ነው የለመደው። ኦፕራንም ያወቅናት በኤምቢሲ ፎር በኩል ነው። አባቶቻችን አልጀዚራን፣ እናቶቻችን የሕንድ ፊልም፣ ታናናሾቻችን ካርቱን። ቤቶች ሁሉ በ2 ሰዓት አንድ መሆናቸው ያበቃው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ነገር እናንሳ፤ ከዚህ በኋላ ለምናወራው ሁሉ ቁልፍ ነውና። ዲሽ ይቀበላል እንጂ አይልክም። ሳተላይቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከላያችን ሆኖ ለሁሉም እኩል ያወርዳል፤ ማን እንዳየው፣ ስንት ሰው እንዳየው፣ መቼ እንዳጠፋው አያውቅም። የሚያየውም ሰው የትም ቦታ አሻራ አይተውም። ብቸኛው ምስክር የሳህኑ ፊት ወዴት እንደዞረ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚያጋልጠው ሳተላይቱን እንጂ ቻናሉን አይደለም። አንድ ሳተላይት ላይ የቁርዓን ጣቢያም፣ የምግብ ዝግጅትም፣ መንግሥት የማይወደው የፖለቲካ ጣቢያም ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ይሄ ነገር ትርጉም ያገኘው አማርኛ ተናጋሪ ጣቢያዎች እዚያው ሰማይ ላይ ሲወጡ ነው። ኢቢኤስ በ2008 መጣ፤ መዝናኛ ስለነበር ብዙ ያስደነገጠው ሰው የለም። ኢሳት በ2010 ከአምስተርዳም ሲጀምር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለው፣ አቅሙ ሲኖር እንዲታፈን እንደሚያዝዙ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ሬዲዮ ማፈን የቆየ ሙያ ነው። ሳተላይትን ማፈን ግን ሌላ ጣጣ አለው። በተለመደው መንገድ የሚደረገው ከምድር ወደ ሳተላይቱ በተመሳሳይ ፍሪኩዌንሲ ጉልበተኛ ምልክት በመላክ ነው፤ ችግሩ አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብዙ ቻናሎች ተጭነው ስለሚሄዱ አንዱን ልምታ ያለ ጎረቤቶቹንም ይመታል። በጃንዋሪ 2012 አረብሳት ቻናሎቹን የሚያውከው ምልክት የሚነሳው ከኢትዮጵያ ምድር ነው ብሎ በይፋ ከስሷል። በነገሩ የሌሉበት የሊባኖስ ተመልካቾች ሳይቀሩ ተረብሸው ነበር። ኢሳትም በበኩሉ ከሳተላይት ሳተላይት ሲዘዋወር ኖረ፤ እሱ በተዘዋወረ ቁጥር እዚህ ያለው ሳህን አብሮ ይዞራል፤ የዲሽ ባለሙያውም የዕለት እንጀራውን ያገኛል።

ምልክቱን ማቆም ሲከብድ የቀረው ተመልካቹን መከልከል ነበር። በኦክቶበር 2016 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ወር የወጣው መመሪያ ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየት ከለከለ። ማሠራጨት ሳይሆን ማየት! እኛ ይህን አንቀጽ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የበለጠ ገላጭ ሆኖ እናገኘዋለን። ሰው ገዛ ሳሎኑ ውስጥ፣ በገዛ ሪሞቱ የሚያደርገውን ሕግ ሊደርስበት የሞከረው ማጥፊያው መንግሥት እጅ ላይ ስላልነበረ ነው። ማጥፊያው ሪሞቱ ላይ ነበረ። ሁለቱም ጣቢያዎች በ2018 አዲስ አበባ ላይ ስቱዲዮ ከፍተው መሥራት ጀመሩ፤ የሰዉ ሳህን ግን ከዚያ በፊትም ሥራውን አላቆመም ነበር።

በዚያው በ2016 ዱባይ መቀመጫው የሆነው ሞቢ ግሩፕ ያለበት ቃና ተከፈተ፤ የውጭ ድራማ በአማርኛ ተተርጉሞ በነፃ። የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ተቃወሙ፤ ክርክሩም ባህል ላይ ነበር። ለኛ ታሪክ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ዓረብኛ ከሥሩ የሚሮጥበት ሰማይ በአማርኛ መናገር ጀመረ፤ ዲሽም የ«ሌላ ዓለም» መስኮት መሆኑ ቀርቶ የአገር ዕቃ ሆነ።

ሳህኑ ሲዞር

ከ2019 ማብቂያ ጀምሮ የአገራችን ጣቢያዎች «ኢትዮሳት» በሚል ስም ወደ ኤንኤስኤስ-12 ተሰባሰቡ። (እዚህ ላይ የሚያምታታ ሰው ስለማይጠፋ፦ ኢትዮሳት የኢትዮጵያ ሳተላይት አይደለም፤ ኤስኢኤስ በተባለ የሉክሰምበርግ ኩባንያ ሳተላይት ላይ ያለ የጣቢያዎች ስብስብ ነው። በዲሴምበር 2019 ከቻይና የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 ደግሞ መሬት እንድታይ የተሠራች ነበረች፤ ቻናል አልነበራትም።)

ለሳህኑ ይሄ ትልቅ ጉዞ ነበር። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከአዲስ አበባ ሲታይ ፀሐይ መግቢያ አካባቢ፣ ከአድማሱ 37 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ብሎ። ኤንኤስኤስ-12 ግን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ እሱን ለማየት ፊትን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙሮ 66 ዲግሪ ያህል ቀና ማለት ያስፈልጋል። ለዓመታት ወደ ምዕራብ ያጎነበሰ ሳህን ሁሉ ተነስቶ ወደ ሌላው ጎን ዞረ። ኤምቢሲን መልቀቅ ያልፈለገ ቤት ሁለተኛ ሳህን ሰቀለና ሁለቱን በማገናኛ ስዊች ሪሲቨሩ ላይ አጋባ። 11105፣ አግድም፣ 45000 የሚሉት ቁጥሮች በዚያ ሰሞን ከስልክ ቁጥር በላይ ተሸምድደዋል። የድሮው ሪሲቨር ኤችዲ የማያነብ የሆነበት ሰውም አዲስ ገዛ፤ አዲሱ ሪሲቨር ደግሞ ሌላ ገመድ ይዞ መጣ።

ጠፍጣፋው ቀዳዳ

ኤችዲኤምአይ። ምስልና ድምፅ በአንድ ጠፍጣፋ ገመድ። ቲቪ ቦክስ የምትሰካው እዚህ ነው።

በሌላው ዓለም አፕል ቲቪ በ2007፣ ሮኩ በ2008፣ ክሮምካስት በ2013 መጥተዋል። ኔትፍሊክስ በጃንዋሪ 2016 በአንድ ቀን ከ130 በላይ አገሮች ሲከፈት እኛም ውስጡ ነበርን፤ ያኔ ግን እዚህ በነበረው የኢንተርኔት ፍጥነትና ዋጋ ሙሉ ፊልም ማየት የቅንጦት ወሬ ነበር። ነገሩ የተለወጠው ኢትዮ ቴሌኮም በ2018 እና በ2020 ታሪፉን ቀንሶ፣ ለመኖሪያ ቤት ያልተገደበ ብሮድባንድ ማቅረብ ሲጀምር ነው። ከዚያ በኋላ ቦክሷ መርካቶ ላይ እንደ ማንኛውም ዕቃ ትሸጣለች።

በመሀል ደግሞ ድቅል ዘመን አለ፤ ታሪክ ጸሐፊዎች እንዳይዘሉት አደራ እንላለን። ሪሲቨሮቹ ራሳቸው ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ ከኋላ ተሰክቶላቸው ዩቲዩብ መክፈት ጀመሩ። ከዚያም አልፎ «ሰርቨር» የሚባለው ነገር መጣ፤ የተቆለፈው የክፍያ ቻናል ምስል ከሰማይ ይወርዳል፣ መክፈቻው ቁልፍ ግን በኢንተርኔት ይላካል። የሰው ንብረት መውሰድ መሆኑን አንክድም። እንደ ምህንድስና ግን ይደንቃል፤ ግማሹ ከሰማይ፣ ግማሹ ከሽቦ።

አስቂኝ መገጣጠምም አለ። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ቦክሷን ቤታቸው የሚያስገቡት አማርኛ ለማየት ነው። እኛ የምናስገባት ከአማርኛው ወጣ ለማለት ነው።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ዲሽ አይልክም ብለናል፤ ቦክስ ግን ትልካለች። እያንዳንዱን ፊልም ስሟን ተናግራ ትጠይቃለች፣ አካውንት ትከፍታለች፣ የት ላይ ጀምረህ የት ላይ እንደተኛህ ትመዘግባለች። ከዚያ በላይ ደግሞ የምትተነፍሰው በአንድ ቧንቧ ነው። ጁን 30 ቀን 2020፣ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ጠፋ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። በፌብሩዋሪ 2023 በቤተ ክርስቲያኗ ጉዳይ ውጥረት ሲነግሥ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ፤ የተከፈቱት ጁላይ ላይ ነው። በነዚያ ወራት ዩቲዩብ ለማየት ብቻ የተገዛች ቦክስ ቪፒኤን ካልተጫነባት ከመደርደሪያ ጌጥ አትሻልም ነበር። ትግራይ ውስጥ ደግሞ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ኢንተርኔት አልነበረም።

በ2012 አንድ ጣቢያ ለማፈን ከምድር ሰማይ ድረስ ጉልበት መላክ፣ ከሊባኖስ ጋር መጣላት፣ ጣቢያው ሳተላይት ሲቀይር እንደገና መጀመር ያስፈልግ ነበር። በ2020 ምንም ሰማይ አላስፈለገም። ማጥፊያው ከሪሞቱ ወጥቶ ሄዷል፤ እኛም ገመዱን ስንሰካ አብረን ሸኝተነዋል።

ለዚህ ነው «ቦክስ ስለገዛሁ ዲሹን ላውርደው?» ለሚሉን ሁሉ «ተወው፣ ምን ያስቸግርሃል» የምንለው። ዲሽ ኃይለኛ ክረምት ሲመጣ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ያሻህን ሰዓትም አይጠብቅልህም። ግን አንዴ ከዞረ ማንንም አይጠይቅም።

አያያዙም ከባድ አይደለም። የዲሹ ክብ ገመድ ወደ ሪሲቨር፤ ሪሲቨሩ ወደ ኤችዲኤምአይ 1፤ ቦክሷ ወደ ኤችዲኤምአይ 2፤ ሁለቱን በቴሌቪዥኑ ሪሞት «ሶርስ» በምትለው ቁልፍ መቀያየር ነው። ቦክሷን ቴሌቪዥኑ ላይ ካለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ሳይሆን ከራሷ ቻርጀር አብሯት፤ ኃይል ሲያንሳት በየመሀሉ እየጠፋች ታስቸግራለች። ቴሌቪዥኑ ያለው ኤችዲኤምአይ አንድ ብቻ ከሆነ ለቦክሷ ይሰጣት። ሪሲቨሩ ጥራቱ ትንሽ ቢቀንስም በቢጫ፣ በቀይና በነጩ ይኖራል፤ ለምዶታል።