አሮጌውን ድምፅ በአዲስ መሣሪያ
የዋሊያስ ባንድና የ1985ቱ ካሴት ታሪክ

በሚግዳልም ሆነ በሌላው የአሽቀሎን ሠፈር ሠርግ በተደገሰ ቁጥር የማይቀር ክርክር አለ። ወላጆች «በአንድ ኦርጋን ብቻ የሚታጀብ ዘፈን የእኛ ነውን? ማሲንቆውስ ወዴት ሄደ?» ይላሉ። ልጆች ደግሞ «ጊዜው ተለውጧል» ብለው ይመልሳሉ። ብዙዎቻችን ይህ ጉዳይ እስራኤል ከገባን በኋላ የመጣ ይመስለናል። ታሪኩን ስንመረምር ግን ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ የተጀመረ ሆኖ እናገኘዋለን። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆኑን ዋሊያስ ባንድና የኦርጋን ተጫዋቹ አቶ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘመናዊው ሙዚቃ በመጀመሪያ በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች እጅ ነበር። ዋሊያስ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲቋቋም ከመንግሥት ውጭ የራሱ የሆነ ጓድ ሆኖ ነበር። በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት ተጫውቷል። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ እንግዶች ሌሊት ወደ ቤታቸው መመለስ ስለማይችሉ ጭፈራው እስከ ንጋት ይዘልቅ ነበር። በ1977 ጓዱ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጣ። አብዛኛው ዘፋኝ የሌለበት፣ ኦርጋን፣ ሳክስፎንና ጊታር የሚነጋገሩበት ሥራ ነው። ዛሬ በብዙ አገር የሚታወቀው «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ዜማም በዚሁ ሸክላ ላይ ይገኛል።

በ1981 ዋሊያስ ለዝግጅት ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ከጓዱ አባላት ከፊሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ አቶ ኃይሉን ጨምሮ ሌሎቹ እዚያው ቀሩ። ያ ትልቅ ጓድ በዚህ ሁኔታ ተበተነ።

አቶ ኃይሉ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን አዲስ ካሴት ቀረጹ። ሳክስፎንና ጥሩምባ የለም፤ ከበሮ መቺም የለም። ሮድስ የተባለውን ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግና ያማሃ ሲንተሳይዘሮችን እንዲሁም የከበሮ ማሽን ራሳቸው እየተጫወቱ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ ደረቡ። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ዜማውን የሚመራው በወጣትነታቸው የተማሩት አኮርዲዮን ነበር። ዜማዎቹም እንደ «ሸሞንሟናዬ» ያሉ ሕዝቡ ከቀድሞ ጀምሮ የሚያውቃቸው ናቸው። እንግዲህ መሣሪያው እጅግ አዲስ፣ ድምፁ ግን ከሒልተኑ ዘመን እንኳ የቀደመ ሆነ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን በሌላውም ዓለም ተመሳሳይ ለውጥ ነበር። በእንግሊዝ አገር ረጃጅምና ውስብስብ ሥራዎችን በማቅረብ የታወቁት ጄነሲስና የስ የተባሉ የሮክ ጓዶች በ1980ዎቹ ወደ አጫጭር ዘፈኖችና ወደ ሲንተሳይዘር ዞሩ። የየስ የ1983 አልበም ለዚህ ምሳሌ ነው። የቀድሞ ወዳጆቻቸው አንዳንዶቹ «ከዱን» ብለው አዘኑ፤ ሌሎች ደግሞ ያን ጊዜ ወደዷቸው። የአቶ ኃይሉ ለውጥ ግን ከዚህ ይለያል። ጓድ ያጣ ስደተኛ በአንድ ሰው እጅ ምን ያህል ድምፅ ማሰባሰብ እንደሚቻል ያሳየበት ነውና። በሠርጋችን ላይ ብቻውን ኦርጋን የሚጫወተው ወጣትም ያደገው በዚሁ መንገድ ነው ብንል አንሳሳትም።

ከዚያ በኋላ አቶ ኃይሉ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ኖሩ። ደንበኛ በሚጠብቁበት ጊዜም በመኪናቸው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። ካሴቱ ከብዙ ሰው ትዝታ ጠፋ። የጥንት የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስብ አንድ አሜሪካዊ ግን ባሕር ዳር ላይ አንድ ቅጂ አገኘ፤ ባለቤቱንም ፈልጎ በ2013 ሥራው እንደገና ታተመ። አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን አወጡ።

ይህን ታሪክ ለእናንተ ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ካሴት በወጣበት ዓመት በጥር ወር የሙሴ ዘመቻ ተቋረጠ። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 የሚበልጡ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሲገቡ የያዙት ዕቃ እጅግ ጥቂት ነበር። እንደዚያም ሆኖ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ካሴቶች አሉ፤ ዘፈን ያለበት፣ የሠርግ ጭፈራ ያለበት፣ ከሩቅ ዘመድ የተላከ የድምፅ መልእክት ያለበት። አሽቀሎን የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ እርጥበቱና ሙቀቱ የካሴትን ክር ያበላሻል። በባሕር ዳር አንድ ሰው አንዲት ካሴት ባያስቀምጥ ኖሮ የ1985ቱ ሥራ ምናልባት ለዘለዓለም በጠፋ ነበር።

ስለዚህ አደራ የምንለው ይህን ነው፦ ካሴት አትጣሉ። ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ። የዘፋኙን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ በላዩ ላይ ጻፉ። ክሩ ገና ሳይበጠስ ልጆቻችሁ በኮምፒዩተር ይገልብጡት። አዲስ ነገር የሚሠራው ልጅ የሚነሣበት አሮጌ ድምፅ ያስፈልገዋል፤ ያንን ድምፅ የማቆየቱ ሥራ የእኛ የወላጆች ነው።