ከአስታ እስከ ዋንዛ፤ የጎንደር የእንጨት ዕቃና ጠራቢዎቹ

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. መናገሻ አድርገው ከቆረቆሯት ወዲህ ስለ ታነጸው ግንብና ስለ ተተከለው ደብር የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ብዙ ብራና ሲፈጁ፣ በዚያው ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጦ ከግንድ ገበታ እየፈለፈለ፣ ከቅርንጫፍ ጭልፋና ማማሰያ እየቀረጸ የመኳንንቱንም የድኻውንም ማድቤት የሚያሟላው ጠራቢ ግን ስሙን የሚያነሣለት አላገኘም።

ዛፉስ ጸሐፊ አግኝቷል። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በየቤቱ ዙሪያ ሁለትም ሦስትም ዋንዛ ይተከል ስለ ነበር ከተማይቱ ከከፍታ ሲያዩዋት ዱር እንደምትመስል፣ ክረምቱ ሊያበቃ ሲል ደግሞ ዋንዛው በአንድ ሌሊት ነጭ አበባ ለብሶ አመዳይ የወረደባት እንደሚያስመስላት ጽፏል። ዋንዛ ግንደ ሰፊ፣ ለመሮ የሚታዘዝ ዛፍ ስለ ሆነ ገበታውና ሙቀጫው ከእርሱ ይወጣል።

ነገር ግን ዋንዛ የወይና ደጋ ፍጥረት ነው። ከጎንደር ተነሥቶ፣ ደባርቅን አልፎ፣ የስሜንን ተራራ ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ፣ ወደ መካነ ብርሃን የሚዘልቅ መንገደኛ ዋንዛን ከኋላው ትቶ በወይራና በኮሶ አገር ያልፋል፤ ከዚያም ወደ አስታው ይወጣል፤ ከአስታው በላይ የሚቆመው ጅብራ ቁመቱ ቢያምርም ውስጡ ልል ነውና ለጠራቢ አይረባም። እንግዲህ የደገኛው ጠራቢ ጥበብ የሚጀምረው ከመጥረቢያው ሳይሆን የትኛው እንጨት ለምን ዕቃ እንደሚሆን ከመለየቱ ነው። ወይራ ጽኑዕ፣ ደቂቅና ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ ወጥ ቶሎ አይጠጣም፤ ለማማሰያና ለጭልፋ የሚመረጠውም ስለዚህ ነው። ጠራቢው እርጥቡን እንጨት ለሁለት ሰንጥቆ፣ ደርቆ የሚተረተረውን እምብርቱን አስወግዶ፣ የጭልፋውን ቅርጽ በመጥረቢያ ካወጣ በኋላ ጉድጓዱን በመሮ ይፈለፍላል፤ ከዚያም ፀሐይ እንዳያፈነዳው በጥላ አድርቆ፣ በቢላዋ ፍቆና በቅባት አሽቶ ያለሰልሰዋል። ስለ አስታም አንድ ነገር ልበል፤ በሜድትራንያን ዳር የሚበቅለው ይኸው ዛፍ የሥሩ እብጠት እሳት ስለሚችል፣ ፈረንሳዮች ከ19ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ጀምሮ የትንባሆ ፒፓ ይቀርጹበታል፤ በእኛ አገር ግን አብዛኛው ለማገዶ ተማግዷል።

በእጅ የሚበላ ሕዝብ ማንኪያን በማዕድ ላይ እምብዛም አይሻውም፤ ሆኖም በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ክቡር ደሙን ከጽዋው የሚያቀብልበት፣ እጀታው መስቀል የሆነው ዕርፈ መስቀል ከንዋያተ ቅድሳት አንዱ ነው። ዕርፈ መስቀልስ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከማዕድን ስለ ሆነ የአንጥረኛው ሥራ ነው፤ የማድቤቱ ጭልፋ ግን የጠራቢው ድርሻ ሆኖ ኖሯል።

በጎንደርና በስሜን ከአናጢዎቹ፣ ከግንበኞቹና ከአንጥረኞቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ሥራቸውን እየፈለግን ሠሪዎቹን «ቡዳ» እያልን መሸሻችን የሚያሳዝን ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ብዙ ሙያ ከአገር ወጥቷል።

ዛሬ ገበያውን ፕላስቲክ፣ ኮረብታውን ባሕር ዛፍ ይዞታል። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለቤት ማገር ይደርሳል፤ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ግን ጥሩ ጭልፋ አይወጣውም። የጥንቱ ወይራና ጽድ በአመዛኙ የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ውስጥ ነውና፣ ካህናቱና የግብርና ባለሙያዎች ተመካክረው ከዐጸዱ ዘር እያነሡ በየገበሬው ድንበር ችግኝ ቢያስተክሉ፣ የሙያው ዐዋቂዎች ሳሉም ወጣቶች ከጎናቸው ተቀምጠው እንዲማሩ ቢደረግ፣ እጅግ የዘገየ ቢሆንም ዛፉንም ሙያውንም ማትረፍ ገና ይቻላል።