“ለብሶ ነበር” ሲባል ምን ማለት ነው?

ምስክር ፍርድ ቤት ቀርቦ “ሰውዬው ነጠላውን ተከናንቦ ነበር” ቢልና “ሰውዬው ነጠላ ለብሶ ነበር” ቢል ለተራ ጨዋታ ያህል ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፡፡ በሕግ ዓይን ግን አንድ አይደሉም፡፡ የተከናነበ ሰው ራሱን፣ ብዙ ጊዜም የፊቱን ገሚስ ሸፍኗል፡፡ ነጠላውን ያጣፋ ሰው ግን ፊቱ ገሃድ ነው፡፡ ምስክሩ “ተከናንቦ ነበር” ያለው ቃል መዝገብ ላይ “ለብሶ ነበር” ተብሎ ከሰፈረ፣ ይግባኙን የሚያየው ዳኛ “ለመሆኑ ምስክሩ ፊቱን አይቶ ነው የለየው ወይስ በቁመናው ገምቶ?” ለሚለው ዋና ጥያቄ መልሱን ከመዝገቡ ሊያገኘው አይችልም፡፡ ምስክሩ የተናገረው ነገር በጸሐፊው እጅ ጠፍቷልና፡፡

በሥራ ምክንያት ወደ ወልድያና መርሳ ስመላለስ ይህን ነገር ደጋግሜ ታዝቤአለሁ፡፡ ከሀብሩ ገጠር የሚመጡ አዛውንቶች ስለ አንድ ሰው አለባበስ ሲናገሩ ለእያንዳንዱ ልብስ የየራሱን ግሥ ይሰጡታል፡፡ ሽርጡን አሸርጦ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ቆቡን ደፍቶ፣ ጫማውን ተጫምቶ ይላሉ፡፡ ይህንኑ በወረቀት የሚያሰፍረው የተማረ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም በአንድ “ለብሶ” ይጠቀልለዋል፡፡ ነገሩ የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳሁት ነበር፡፡

ለመሆኑ “ለበሰ” ከየት መጣ? ግሡ እጅግ ያረጀ ነው፡፡ በግዕዝ ለብሰ ይባላል፡፡ ዘመዶቹ በሴም ቋንቋዎች ሁሉ ተበትነው ይገኛሉ፡፡ ዓረብኛው ለቢሰ፣ ዕብራይስጡ ላቫሽ ሲል፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሸክላ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ የነበረው አካድኛም ላባሹ ይላል፡፡ እኛ ዘንድ ከዚሁ ሥር ልብስ፣ አልባሳት፣ አለባበስ፣ ለባሽ፣ ልባሽ የሚሉ ቃላት ወጥተዋል፡፡ ከእነዚህ ውስጥ “ልባሽ” የሚለው ልብ ሊባል ይገባል፡፡ ተለብሶ ያገለገለ፣ የሳሳ ጨርቅ ማለት ነው፡፡ እንግሊዝኛው “ዌር” የሚለው ግሥም መልበስንና አገልግሎ ማለቅን በአንድነት ይዟል፡፡ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ እዚህ ላይ ተገናኝተዋል፡፡

የሚለያዩበት ቦታ ግን ይበዛል፡፡ እንግሊዝኛው “ዌር” ሸሚዙንም፣ ጫማውንም፣ ባርኔጣውንም፣ መነጽሩንም፣ ቀለበቱንም፣ ሽቶውንም፣ ጢሙንም፣ ፈገግታውንም ሳይቀር በአንድ ግሥ ይጠቀልላል፡፡ የአማርኛ ተናጋሪ ሽቶ ይቀባል እንጂ አይለብስም፡፡ ጢሙን ያሳድጋል፣ ፈገግታ ያሳያል፡፡ እንግሊዝኛ በበኩሉ እኛ በአንድ ግሥ የምንገልጸውን ለሁለት ይከፍላል፤ ልብሱን የማጥለቁን ድርጊት “ፑት ኦን”፣ ለብሶ የመገኘቱን ሁኔታ ደግሞ “ዌር” ይለዋል፡፡ በአማርኛ “ለብሷል” ስንል አድራጎቱም ሁኔታውም ተጠቃሏል፡፡ “እየለበሰ ነው” ካልን ግን ገና እጅጌውን በማስገባት ላይ ነው ማለታችን ነው፡፡ ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም “ቀይ ሸሚዝ እየለበሰ ነበር” የሚል ዓረፍተ ነገር ያጋጠመው አንባቢ፣ ሰውዬው መንገድ ላይ ቆሞ ሸሚዝ ሲያጠልቅ ቢታየው አይፈረድበትም፡፡ መባል የነበረበት “ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ነበር” ነው፡፡

ልብስን በግሥ መለየት የእኛ ብቻ ባሕርይ አይደለም፡፡ ጃፓኖችም ለላይኛው አካል “ኪሩ”፣ ለታችኛው አካልና ለእግር “ሀኩ”፣ ለራስ “ካቡሩ” የሚሉ የተለያዩ ግሦች አሏቸው፡፡ የእኛ አከፋፈል ግን የአካል ክፍሉን ብቻ አይመለከትም፡፡ ልብሱ እንዴት እንደ ተደረገ፣ አልፎ አልፎም ለምን እንደ ተደረገ ይናገራል፡፡ እስቲ ከራስ ጀምረን ወደ ታች እንውረድ፡፡

ራስ ላይ የሚሆነው ይደፋል፣ ይጫናል ወይም ይጠመጠማል፡፡ ባርኔጣ ይደፋል፤ ዘውድም ይደፋል፣ ይጫናል፡፡ “ቆብ ጫነ” ከተባለ ሰውዬው መነኮሰ ማለት ነው፡፡ ጥምጣም በቄሱም በሼኹም ራስ ላይ ይጠመጠማል፡፡ ሻሽ ይታሰራል፣ ሸብ ይደረጋል፡፡

ትከሻ ላይ ስንደርስ ቋንቋው ይበልጥ ይረቅቃል፡፡ ነጠላ ይጣፋል፣ ጣል ይደረጋል፣ ይከናነቡታል፣ ይጎናጸፉታል፡፡ በኀዘን ጊዜ ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ከታች መሆኑ ቀርቶ ወደ ላይ ይወጣል፡፡ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የምትሄድ ሴት ለቅሶ ላይ መሆኗን ሳትናገር ተናግራለች፡፡ ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ “አደገደገ” የሚለው ግሥ ነው፡፡ ኩታን ወይም ሸማን ከትከሻ አውርዶ በወገብ ወይም በደረት ዙሪያ አሸንፍጦ ማሰር ማለት ሲሆን፣ በጌታ ወይም በሹም ፊት የሚቆም ሰው የአክብሮት ምልክት ነበር፡፡ “አደግድጎ ቆመ” ሲባል ስለ ጨርቁ ብቻ አልተነገረም፤ ማን ከማን በታች እንደ ነበረም ተነግሯል፡፡ ይህን “ሸማ ለብሶ ቆመ” ብሎ የሚጽፍ ሰው ታሪኩን ግማሹን ጥሎታል፡፡

ወገብ ላይ የሚሆነው ይታጠቃል፡፡ መቀነት ይታጠቃል፣ ዝናር ይታጠቃል፣ ሱሪም ይታጠቃል፡፡ ከሀብሩ በስተምሥራቅ የሚዋሰነው አፋር ጊሌውን የሚይዘው በዚሁ ግሥ ነው፡፡ ሽርጥ ግን የራሱ ግሥ አለው፤ ይሸረጣል፡፡ “ትጥቅ” የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ከወገብ ነው፡፡ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ትጥቅ መፍታትን ሲያነሳ፣ በአማርኛው ሥረ ነገር ወገብ ላይ የታሰረውን ፍታ ማለቱ ነው፡፡ የወልድያና የመርሳ ነዋሪ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱን በደጁ አይቷልና፣ “ታጠቀ” እና “ፈታ” በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ርቀት ከማንም መዝገበ ቃላት በተሻለ ያውቀዋል፡፡

እጅና እግር ይቀራሉ፡፡ ቀለበት፣ አምባር፣ ጓንትና ካልሲ ይጠለቃሉ፡፡ አልቦና ሰዓት ይታሰራሉ፡፡ ጫማ ይጫሙታል፣ ወይም ያደርጉታል፡፡ ለአዳዲስ ዕቃዎች “አደረገ” የሚለው ግሥ እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ያገለግላል፤ መነጽር አደረገ እንላለን፡፡ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ለአፍና ለአፍንጫ መሸፈኛውም የተሰጠው ግሥ ይኸው ነበር፡፡ “ማስክ አድርግ” ተባባልን እንጂ “ማስክ ልበስ” የሚለው ለጆሮ አልጣመም፡፡ ማንም ኮሚቴ ሳይሰበሰብ ሕዝቡ ራሱ ወሰነ፡፡

እነዚህ ግሦች ከልብስ አልፈው የሚሠሩት ሥራ ደግሞ አለ፡፡ የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ቡድን ድል ሲያደርግ ድል ተጎናጸፈ፣ ሲረታ ሽንፈት ተከናነበ ይላሉ፡፡ የምንጎናጸፈው የሚያስጌጠንን ነው፤ የምንከናነበው ራሳችንን የሚያስደፋንን ነው፡፡ አንድ ሹም የሌላውን ወንበር ሲይዝ ሥራውን “ደርቦ” ይሠራል፤ ጋቢ በጋቢ ላይ እንደሚደረበው ማለት ነው፡፡ ሕግ ላይ ስንመጣ መብት ይገፈፋል፣ ማዕረግ ይገፈፋል፣ ዜግነት ይገፈፋል እንላለን፡፡ ልብስ ባለቤቱ ሲፈቅድ ይወልቃል፤ የሚገፈፈው ግን በኃይል ነው፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን እንዳያጣ ሲከለክል ልዩነቱ ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ በማውለቅና በመገፈፍ መካከል፡፡

ሃይማኖትም ግሡን ተጠቅሞበታል፡፡ ክርስቲያኑ ስለ ቃል ሰው መሆን ሲናገር “ሥጋ ለበሰ” ይላል፤ ሰውም ሁሉ “ሥጋ ለባሽ” ነው፡፡ ሙስሊሙ ደግሞ ቁርኣን ባልና ሚስትን አንዱን ለሌላው ልብስ አድርጎ እንደሚገልጻቸው ያውቃል፤ ቃሉም ሊባስ ነው፣ ከእኛው ልብስ ጋር አንድ ሥር ያለው፡፡ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ዕድር በሚኖሩበት በወሎ ሁለቱም አነጋገሮች በአንድ መንደር ይሰማሉ፡፡

አሁን ወደ “አለበሰ” እንለፍ፡፡ “አብልቶ፣ አጠጥቶ፣ አልብሶ አሳደገ” ሲባል ግሡ ግዴታን ይሸከማል፡፡ በድሮው ልማድ የአሽከርና የገረድ ደመወዝ “ለዕለት ጉርስ፣ ለዓመት ልብስ” ነበር፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ “ቀለብ” ሲሉ ምግብን ብቻ ማለታቸው አይደለም፡፡ መጠለያ፣ ልብስና ሕክምናም በውስጡ አሉ፡፡ “እህል ሰፍሬ ሰጥቻለሁና ቀለቡን ከፍዬአለሁ” የሚል አባት የቃሉን የሰፈር ትርጉም እንጂ የሕጉን ትርጉም አልያዘም፡፡ አማርኛ የልብስ ማጣትንም ስም ሳይሰጠው አላለፈም፡፡ ታረዘ ይላል፤ ስሙም እርዛት ነው፡፡ ረሃብና እርዛት ተጣምረው የሚነገሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1966ም ሆነ በ1977 ዓ.ም. የወሎ ሰው ሁለቱን አብሮ አይቷቸዋል፡፡

ካባ ማልበስ ደግሞ ሹመት ነው፡፡ ነገሥታቱ ለጀግና ለምድ ያለብሱ ነበር፡፡ አውሮፓም ይህንኑ ልማድ ያውቀዋል፡፡ ዛሬ በየጋዜጣው የምናነበው “ኢንቨስትመንት” የሚለው ቃል በላቲን ሥሩ “ማልበስ” ማለት ነው፡፡ መጀመሪያ ሰውን የሹመት ልብስ ማልበስ ነበር፤ ኋላ ደግሞ ገንዘብን ሌላ መልክ ማልበስ ሆነ፡፡ ወልድያ ላይ ሆቴል የሚሠራው ባለሀብት በቃሉ ሥር ሲታይ ብሩን ድንጋይና ሲሚንቶ እያለበሰው ነው፡፡

“አንድ ግሥ ቢለወጥ ምን ይመጣል?” የሚል አንባቢ አይጠፋም፡፡ ከደሴ በሐይቅ በኩል ወደ መርሳ ሲኬድ መንገድ ላይ ውጫሌ ትገኛለች፡፡ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መገልገል “ይቻላቸዋል” የሚል ነበር፡፡ የጣሊያንኛው ቅጂ መቻሉን ግዴታ አድርጎ ተተረጎመ፤ ኢጣሊያም ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት ብላ ለዓለም አሳወቀች፡፡ ክርክሩ የተቋጨው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ነው፡፡ “ተከናነበ” ወደ “ለበሰ” ሲለወጥ አገር አይወረርም፡፡ አንድ ሰው ግን ባልሠራው ወንጀል ሊታሰር፣ የሠራውም ሊለቀቅ ይችላል፡፡ ለዚያ ሰው ይህ ከአድዋ አያንስም፡፡

ከዚሁ ከ“ለበሰ” ሥር የወጣ ሌላ ግሥ አለ፤ “አለባበሰ” ይባላል፡፡ ገበሬው ሲያርስ ያልታረሰውን መሬት በታረሰው አፈር ሸፍኖ ካለፈ አለባብሶ አረሰ ይባላል፡፡ ማሳው ከሩቅ ሲያዩት ያማረ ነው፤ አበሳው የሚመጣው በኋላ ነው፡፡ “አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ” የተባለው ለዚህ ነው፡፡ የምስክርን ልዩ ልዩ ግሦች በአንድ “ለብሶ” የሚሸፍን መዝገብ አለባብሶ ከማረስ የሚለየው ነገር የለም፡፡ አረሙ በይግባኝ ጊዜ ይበቅላል፡፡

ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፡፡ ቃል የሚመዘግብ ሰው ምስክሩ የተናገረውን ግሥ እንዳለ ይጻፈው፤ ካልገባው “አባባ፣ አሸርጦ ማለት እንዴት ነው?” ብሎ ይጠይቅ፡፡ ጠበቃም “ለብሶ ነበር” የሚል ቃል ሲሰማ ዝም ብሎ አይለፈው፤ ምኑን፣ በየት በኩል፣ ፊቱ ይታይ ነበር ወይ ብሎ ያጣራ፡፡ አስተርጓሚም ከእንግሊዝኛው “ዌር” ፊት ሲደርስ ከመጻፉ በፊት አንድ ጊዜ ዕቃውን ያስብ፡፡ ልጆቻችንም “ጫማዬን ለበስኩ” ሲሉን ሳንቆጣ “ተጫማሁ በል” እንበላቸው፡፡ የሀብሩ አዛውንት ይህን ሁሉ ሳይማሩት ያውቁታል፤ እኛ የተማርነው ሰዎች ማድረግ ያለብን ሲናገሩ ቃላቸውን ሳናሳጥር መጻፍ ነው፡፡