ከስሩ የቤት መኪና

ራቭ ፎር የሚነዳ ሰው ከሁለት ወገን ይታማል። ላንድክሩዘር የለመደው «ይሄ ደግሞ ፎር ዊል ነው?» ይላል፤ ኮሮላ የያዘው ደግሞ «ቤንዚን ትጨርስብሃለች» ይላል። የእኔዋ ባለ አምስት በር፣ ባለ 2000 ሲሲ፣ የመጀመሪያው ሞዴል ናት። ሐሜቱም ሆነ የመኪናዋ ዕድሜ መርዘም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ ራቭ ፎር ከላይ የመስክ፣ ከስር ግን የቤት መኪና ናት።

ድሮ ለገጠር መንገድ የሚታመነው ሻንሲ ላይ የቆመ፣ በባሌስትራ የሚሄድ፣ እንደ ላንድሮቨር ያለ መኪና ነበር። ጠንካራ ነው፤ የተቀመጠበትን ሰው ወገብ ግን አይምርም። ይህን ልማድ ቀድመው ከሰበሩት አንዷ የሩሲያዋ ኒቫ ናት። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣችው የአዲስ አበባን ላዳዎች ከሠራው ከዚያው ከቶግሊያቲ ፋብሪካ ነው። ሻንሲ የላትም፤ ሸክሙን የሚችለው ራሱ አካሏ ነው፤ በባሌስትራ ፋንታ ሞላ ተገጥሞላታል። ሱዙኪ በ1988 ቪታራን ሲያወጣ መልኩን የከተማ አደረገው እንጂ ሻንሲውን አልተወም።

ቶዮታ ሐሳቡን በ1989 የቶኪዮ የመኪና ትርዒት ላይ አሳይቶ፣ በግንቦት 1994 ባለ ሦስት በሯን ራቭ ፎር ለገበያ አቀረበ። የታሰበችው ለሽርሽር ለሚወጡ ወጣቶች ነበር። በማግስቱ ዓመት ባለ አምስት በሯ ስትከተል ልጆች ያሉት ቤተሰብም ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። እሷም እንደ ኒቫ ሻንሲ የላትም፤ ሞተሯም በካሪናና በካምሪ ላይ ሲሠራ የኖረው ያው ሞተር ነው።

ያገለገሉት ከአውሮፓና ከዱባይ እየገቡ አዲስ አበባ ሲደርሱ ሽርሽሩ ቀርቶ ሥራ ጠበቃቸው። የብዙዎቻችን ቤት ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ኮሮኮንች ወይም ኮብልስቶን ተሻግሮ ነው። ክረምት ሲገባ የኮሮላ ሆድ የሚፈተገው እዚያ ላይ ነው። ለዚያች አጭር መንገድ ደግሞ ላንድክሩዘር መግዛት የብዙ ሰው አቅም አይደለም። ራቭ ፎር የገባችው በዚህ ክፍተት ነው።

እዚህ ያቆያት ግን መርካቶ ነው። ሶማሌ ተራ ሄጄ የውሃ ፓምፕ ስጠይቅ ሻጩ ከመደርደሪያ አንስቶ «ጋሼ፣ ይሄ የካሪና ነው፤ ይገጥማል» አለኝ። ገጠመም። የቤት መኪና ሞተር መሸከሟ ለመሳለቂያ ይነገራል፤ ጋራዥ የገባ ሰው ግን ጥቅሙን ያውቀዋል።

የምትፈትነኝ በኋላ በሯ ነው። ስኮርታውን ተሸክማ ወደ ጎን የምትከፈት፣ ማጠፊያዋ በቀኝ በኩል ያለ በር ናት። ጃፓን በግራ ስለሚነዳ የእግረኛው መንገድ በግራ ነው፤ እዚያ ዕቃ ለመጫን ትመቻለች። እኛ ደግሞ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግረናል። ስለዚህ የጤፍ ጆንያ ይዤ ከእግረኛው መንገድ ስመጣ በሩ ፊቴ ይገተራል፤ ዞሬ መኪና በሚያልፍበት በኩል መጫን አለብኝ። ቶዮታ ይህን በር ወደ ላይ በሚከፈት የለወጠው በአራተኛው ሞዴል፣ ከእ.ኤ.አ. 2012 መጨረሻ ጀምሮ ነው።

ከዚያ ሕጉ መጣ። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ የቀረን አገር ውስጥ ያለው ነው፤ ያረጀ መኪናም በየዓመቱ ዋጋው ሲጨምር አይተናል።

ልትገዙ ካሰባችሁ ቀለሙና ወንበሩ አያታልላችሁ። ጋራዥ አስገብታችሁ መኪናዋን ከፍ አስደርጉና ከስር እዩ፤ በተለይ የኋላ እግሮቿ ከወለሉ ጋር የሚያያዙበትን ቦታ በእጃችሁ ዳስሱ። ሞተርም ካምቢዮም ሶማሌ ተራ ይገኛል። ሻንሲ ለሌላት መኪና ግን ወለሏ ሻንሲዋ ነው፤ እሱ በዝገት ከተበላ በርካሽም ቢሰጧችሁ አትግዙ።