ቡታጋዝ ቤት ውስጥ ስንገጥም፦ ከሲሊንደሩ እስከ ምድጃውና ማሞቂያው ማወቅ ያለብን

ወላይታ ሶዶ ከባህር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለች ከተማ ናት። ክረምት ላይ ማታ ማታ ይበርዳል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምድጃውም አብሮ ይቆማል። ያኔ ያለን አማራጭ ከሰል ወይም ቡታጋዝ ነው።

እዚህ ጋዝ እንደ ውሃ በቧንቧ ቤት ድረስ አይመጣም። ሲሊንደር ገዝተን፣ በባጃጅ አምጥተን ራሳችን እንገጥመዋለን። ስለዚህ መስመሩ ደህና መሆኑን የማረጋገጥ ኃላፊነት የኛው ነው ማለት ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ በምናበስልበት ክፍል ውስጥ ነው የምንተኛው። ለዚህ ነው ነገሩን በቅደም ተከተል ያዘጋጀንላችሁ።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?
ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ጋዞች በግፊት ፈሳሽ ሆነው ነው። ነጭ ጋዝ (ላምባ) ሌላ ነገር ነው፣ እንዳይምታታባችሁ። ፈሳሹ ሲወጣ 250 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ከአየር ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ አልጋ ስርና ጥግ ጥግ ይሰበሰባል። ክፍሉ ውስጥ ካለው አየር 2 በመቶው ያህል ጋዝ ከሆነ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። በተፈጥሮው ሽታ የለውም። የምናውቀው መጥፎ ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ማስጠንቀቂያ ነው።

ስትገዙ
1. የዛገ ወይም የተቀጠቀጠ ሲሊንደር አትቀበሉ። ባጃጅ ላይ አስተኝታችሁ አትጫኑት፤ ሁሌም ቆሞ ነው የሚሄደው፣ ቆሞ ነው የሚቀመጠው።
2. ሬጉሌተሩ ከሲሊንደሩ አፍ ጋር የሚስማማ ይሁን። ስራው የጋዙን ግፊት ምድጃው ወደሚችለው ልክ ማውረድ ነው። በግድ የተጠመዘዘ ሬጉሌተር ያስተነፍሳል።
3. ጎማው ለጋዝ ተብሎ የተሰራ፣ የተመረተበት ቀን የታተመበት ይሁን። የውሃ ጎማ በፍጹም! ከ1.5 ሜትር ባይረዝም ይመረጣል። ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ወዲያው፣ ደህና ቢመስልም ቢበዛ በ5 ዓመት ይቀየር።
4. ዘመድ ከውጭ የላከው ማሞቂያ ካለ ጽሑፉን አንብቡ። ለተፈጥሮ ጋዝ የተሰራ ከሆነ በሲሊንደር አይሰራም። የጋዝ መርጫ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ እሳቱ ይበዛል፣ ጥቀርሻና መርዛማ ጭስ ያወጣል። ለባለሙያ ሳታሳዩ አትግጠሙት።

ስትገጥሙ
1. መስኮትና በር ክፈቱ። ክፍሉ ውስጥ ሻማም፣ ከሰልም፣ ሲጋራም አይኑር።
2. የሲሊንደሩም የምድጃውም መዝጊያ መዘጋቱን እዩ።
3. ሬጉሌተሩ የሚገባበት ቦታ ያለው ጎሚኒ (የላስቲክ ቀለበት) አለመቆረጡን አረጋግጡ።
4. በጥርስ የሚታሰር ከሆነ ብዙዎቹ በተቃራኒ፣ ወደ ግራ ነው የሚጠብቁት።
5. ጎማውን እስከ መጨረሻው አስገብታችሁ ሁለቱንም ጫፍ በፋሸታ እሰሩ። በሽቦ ወይም በላስቲክ ማሰር አይሆንም።
6. ምድጃው እንደተዘጋ ሲሊንደሩን ክፈቱና በሳሙና አረፋ የረጠበ ስፖንጅ መገጣጠሚያዎቹ ላይ አድርጉ። አረፋው እየተነፋ ከመጣ ያስተነፍሳል፤ ዘግታችሁ እንደገና ግጠሙ። በክብሪት አትፈትሹ። ሲሊንደር በቀየራችሁ ቁጥር ይሄን ድገሙት፣ 2 ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ስትጠቀሙ
መጀመሪያ ክብሪቱን ለኩሱ፣ ቀጥሎ ጋዙን ክፈቱ። እሳቱ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነና ድስት ካጠቆረ በደንብ እየነደደ አይደለም። በጊፋታ ሰሞን ትልቅ ድስት ስትጥዱ፣ ምድጃው ሲሊንደሩ አናት ላይ የሚገጠም ዓይነት ከሆነ ተጠንቀቁ፤ ይገለበጣል፣ ሙቀቱም ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል። አብስላችሁ ስትጨርሱ ከምድጃው ብቻ ሳይሆን ከሲሊንደሩም ዝጉ።

ማሞቂያ አብርታችሁ አትተኙ። በተዘጋ ክፍል ጋዝም ሆነ ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ፣ በተለይ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንዴ ካመመው፣ ቶሎ ወደ ውጭ ውጡና ሐኪም ጋር ሂዱ።

ጋዝ ከሸተታችሁ
መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። የኤሌክትሪክ ሶኬት አትንቀሉ። ከቻላችሁ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሰው ሁሉ ይውጣ። ስልክ የምትደውሉት ውጭ ከወጣችሁ በኋላ ነው። ሲሊንደሩ አፍ ላይ እሳት ከተያያዘና መዝጋት ካልቻላችሁ ጥላችሁ ውጡ። እሳቱን ብቻ አጥፍቶ ጋዙን ክፍት መተው የባሰ ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቀው 939 የአዲስ አበባ እሳት አደጋ መስመር ነው። ሶዶም ሆነ ሌላ የዞኑ ከተማ ያላችሁ፣ የከተማችሁን እሳት አደጋና ፖሊስ ቁጥር ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ይህን ፖስት ሴቭ አድርጉት። ብቻውን ተከራይቶ ለሚኖር ጓደኛችሁም ላኩለት።