የመዓዛማ ቅጠሎች አደራረቅ (ጨፋ ሸለቆ)

በሶብላ፣ ጦስኝና ኮሰረትን የመሳሰሉ ዕፅዋት ሽታቸው ሳይጠፋ እንዲቆዩ ውሃቸውን የማስወጣት ሥራ ነው። ከሚሴ የምትገኝበት የጨፋ ሸለቆ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ የቦርከና ወንዝ የሚያረጥበው ሞቃት ሜዳ ነው። ስለዚህ አድራቂውን ሁለት ነገር ይፈትነዋል፤ የበጋው ፀሐይና ከረግረጉ የሚነሣው እርጥበት።

የበሶብላ ዘይት የሚቀመጠው በቅጠሉ ገጽ ላይ ባሉ ደቃቅ እጢዎች ውስጥ በመሆኑ ሙቀት ቶሎ ያተነዋል። ፀሐይ ላይ የተሰጣው ይገረጣል፤ ሲያሹትም ከበሶብላ ይልቅ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። ከነአበባው ተቆርጦ፣ በትንንሽ እስር ተዘቅዝቆ ነፋሻ ጥላ ውስጥ የተሰቀለው ቀናት ቢፈጅም መዓዛውን ይዞ ይቆያል። እስሩ ከወፈረ ግን መሐሉ ይሻግታል። በማድረቂያ መሣሪያ ከሆነ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባያልፍ ይመረጣል። ከምድጃ በላይ መስቀል ያፈጥናል፤ ጭሱ ግን እስከ ሽሮው ድረስ ይከተላል።

ጦስኝ ሲደርቅ ቻይ ነው። ሲበቅል ግን ይህ የደጋ ተክል የጨፋን ሙቀት አይወድም፤ የሚበቅለው እንደ ጣርማ በር ባሉ ብርዳማ ከፍታዎች ነው። ሽታውን የሚሰጡት ታይሞልና ካርቫክሮል በቀላሉ ስለማይተኑ ከደረቀ በኋላም ሻዩን ያውደዋል።

ቅቤ ሲነጠር የሚገባው ኮሰረትም ጥላ ይሻለዋል። ቅጠሉ ሲጨበጥ እንክት ካለ ደርቋል፤ አገዳው ከተለመጠ ገና ነው። ደቅቆ ከተቀመጠ እጢዎቹ ስለሚሰበሩ፣ እንዳለ ብርሃን በማያገኘው ክዳን ባለው ዕቃ ተቀምጦ በሚፈለግበት ዕለት ይታሻል።