የሞገድ ተቆጣጣሪዎች ምን ይሰለጥናሉ?

ኤፍኤም ሬዲዮ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ነው። ከዛ በላይ እስከ 137 ያለው የአውሮፕላን መምሪያና መገናኛ ነው። የተበላሸ የኤፍኤም ማሰራጫ ድንበሩን ካለፈ ፓይለቱ የማማውን ትዕዛዝ ላይሰማ ይችላል።

በኢትዮጵያ ሞገድ የሚቆጣጠረው በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው።

የዚህ ሙያ ሰልጣኞች የሚማሩት፦

▪️ ስፔክትረም አናላይዘር ማንበብ፦ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ሞገድ ፈቃድ አለው ወይስ የለውም?

▪️ አቅጣጫ መፈለግ፦ ሁለት ቦታ የቆሙ አንቴናዎች ሞገዱ ከየት እንደመጣ ይለካሉ። ካርታ ላይ መስመሮቹ የሚቆራረጡበት ቦታ የምንጩ ሰፈር ነው።

▪️ ፍለጋ፦ በመኪና እዛው ሄዶ በእጅ አንቴና ቤቱን መለየት።

ከባዱ ይሄኛው ነው። ሞገድ ህንፃ ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ መሳሪያው የተሳሳተ ቤት ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ስልጠናው ክፍል ውስጥ ብቻ አያልቅም።